ከአፍንጫዬ ሥር የተጋደመችው ጥርስ

ልጄ ሰብለ ባለፈው ክረምት ሕፃኗን ለእኔ ትታ ከቤት መውጣት አቆመች። የምንኖረው አንድ ቤት ውስጥ ነው። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ልጅቷን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ለዚህም ስል ሠላሳ ስምንት ዓመት የተቀመጥኩበትን የስፌት መኪና ልተው ቃል ገብቼ ነበር። እሷ ግን ሱቅ ስትወጣ እንኳ ልጅቷን አዝላ ትወጣለች። ጎረቤት ምክንያቱን ሲጠይቀኝ አፌን ታምሜ ስለነበር ነው እላለሁ። ነገሩ ከአፌ ሕመም ጋር ስለሚገናኝ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። እዚህ የምጽፈው ግን ለጎረቤት የማልነግረውንም ጭምር ነው። ስሜን አልጽፍም። ቤታችሁ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አፌ ከልጅነቴ ጀምሮ የተስተካከለ አልነበረም። የላይኛው መንጋጋዬ የግራ ክራንቻ ከሌሎቹ ጥርሶች በላይ፣ ድዴ ላይ ተጣሞ ነው የወጣው። የቀኙ ጭራሽ አልበቀለም። እናቴ የሞተችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደጉኝ የአባቴ እህት እትዬ አሰለፈች ናቸው። በአንቱታ የምጽፋቸው ስለለመድኩት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሽማግሌ ሊጠይቀኝ በመጣ ቀን እንግዶቹ ፊት አቁመውኝ «አፏን ስትከድን ቆንጆ ናት» ብለው ሁሉንም አሳቁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስስቅ አፌን በነጠላዬ ጫፍ እሸፍናለሁ። የሠርጌ ፎቶ ላይ እንኳ ከንፈሬን ነክሼ የቆምኩ ነው የምመስለው።

ሕመሙ የጀመረኝ ስድሳ አንደኛ ዓመቴ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያም ነገር አልነበረውም። ከፊት ጥርሶቼ የቀኟ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረች። እሷ ብቻ ብትሆን እርጅና ነው ብዬ እተወው ነበር፤ አጠገቧ ያለችውም ተከተለቻት። ፒያሳ ከእኔ መኪና አጠገብ የሚሰፋው ሽፈራው ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥን ሰው ነው። «እትዬ፣ ጥርስዎ እንደ ሰፈራችን ግንብ ወደ መንገድ ዘመም ብሏል» አለኝ። «አፍራሾች ቀይ ምልክት ሳያደርጉበት ቶሎ ያስጠግኑት።» ደንበኞች ሳቁ። እኔም አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ፤ ግን አልረሳሁለትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከዓይኔ ሥር ጉንጬ ይከብደኝ ጀመር። ጨርቅ ለመቁረጥ ሳጎነብስ ፊቴ ውስጥ የሆነ ነገር የሚፈስ ይመስለኛል። ጠዋት ስነሳ አፌ ጨው ጨው ይላል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የመረመረኝ ልጅ ግንባሬንና ጉንጬን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ሳይነስ ነው አለ፤ ከአፍንጫ ግራና ቀኝ ያለው የአጥንት ክፍተት ሲቆጣ የሚመጣ ሕመም ማለት ነው። መድኃኒት ሰጠኝ፤ ተሻለኝ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ። እንዲህ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስቱም ጊዜ አፍዎን ይክፈቱ ያለኝ ሰው የለም።

ሰብለ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። እየጎተተች ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የተራ መጠበቂያው በወጣቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም ጥርሳቸውን በሽቦ ያሳሰሩ ወይም ሊያሳስሩ የመጡ ናቸው። ግድግዳው ላይ ጥርሳቸው የነጣ ፈረንጆች ይስቃሉ። አጠገቤ የተቀመጠች ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ማዘር፣ እርስዎም ሽቦ ሊያሳስሩ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ላገባ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስልኳን ብቻ ማየት ጀመረች።

ባለሙያው በእጁ የሚተማመን ጎልማሳ ነው። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ልብስ ሰፊ መሆኔን ስነግረው ፊቱ በራ። ክር በጥርሴ እበጥስ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ማን ልብስ ሰፊ ነው የማይበጥሰው? በቃ፣ ጥርሶቼን ያፈናቀልኳቸው ራሴ ነኝ ብሎ ፈረደ። ባዶ የሆነውን የክራንቻዬን ቦታ አየና ይቺስ የት ሄደች አለኝ። አልበቀለችም ስለው ዕድለኛ ነዎት፣ አንድ ጥርስ ከመታከም ተረፉ ብሎ ሳቀ። ራጅ አላነሳኝም። ያዘነበለችውን ሁለተኛዋን ጥርስ ሥሯ ተመርዟል ብሎ ነቀላት። ጥጥ ላይ አስቀምጦ ሲያሳየኝ ምንም እንከን የሌለባት ነጭ ጥርስ መሆኗን አየሁ። እሱም ያየ ይመስለኛል፤ ጥጡን ቶሎ ጠቀለለው።

ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ሽፈራው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አወራው። እትዬ አሰለፈች ከዶሮ ማነቂያ ድረስ በምርኩዝ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ አፌ ምክንያት ያላዩት መከራ እንደሌለ ለሰብለ ሲነግሯት ዋሉ። እኔ አንገቴ ላይ ትንሽ መቀስ በጥብጣብ አንጠልጥዬ መሥራት ጀመርኩ። ሕመሙ ግን መቀሱን አላወቀለትም።

ከነቀላው በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ላንቃዬ ላይ በቀኝ በኩል እብጠት ወጣ። ወደ መንግሥት ሆስፒታል ተላክኩ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ለካርድ መሰለፍ፣ ካርዱን ይዞ ለመመርመሪያ ክፍል መሰለፍ፣ ከዚያ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው ተብሎ ነገ ይመለሱ መባል። አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም፤ ፊቴን ይዤ ስቆም ያየችኝ የበር ጥበቃ ራሷ የምትቀመጥበትን ዱካ ሰጥታኝ ግማሽ ቀን ቆማ ዋለች። ስሟን አልጠየቅኋትም።

በመጨረሻ ያየኝ ወጣት ሐኪም እብጠቱን ተጫነና ምንም አላለኝም። ሰብለን ወደ ኮሪደር ጠራትና ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሐኪም ማየት አለባት አላት። የታመመው አፌ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሰብለ ወለደች፤ ኤልዳና አለቻት። ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ እኔ ጓዳ ሆኜ እብጠቱን በምላሴ እለካለሁ። ሌሊትም ይኸው ነው። አድጓል፣ አላደገም። የደንበኞችን ልብስ ሁሉ ጨርሼ መለስኩ፤ የቀረ ነገር እንዳይኖርብኝ ብዬ።

በቀጠሮዬ ቀን ያገኘኋት የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ዕድሜዋ ከሰብለ ብዙም አይበልጥም። እብጠቱን ከመንካቷ በፊት ጥርሶቼን በትንሿ መስታወት ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያላደረገው ይህን ነው። ቀኝ ክራንቻዬ ጋ ስትደርስ ቆመች። ተነቅላ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልበቀለችም አልኳት። «እንግዲያውስ እንፈልጋት» አለች።

መንጋጋን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ራጅ አለ። አገጭን አስደግፎ ቀጥ ብሎ መቆም ነው፤ መሣሪያው ጭንቅላትን ይዞራል። ከዚህ በፊት የቱም ቦታ አልታዘዘልኝም። ፊልሙን መብራት ላይ ስትሰቅለው እኔም ሳይነገረኝ አየኋት። ጥርሴ ነበረች። ከአፍንጫዬ ሥር፣ ከፊት ጥርሶቼ ሥሮች በላይ፣ ሙሉ ጥርስ ሆና አግድም ተኝታለች። ዙሪያዋን ጥቁር ክብ ከቧታል። ዶክተሯ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው አለችኝ፤ ሳይበቅል በቀረ ጥርስ ላይ የሚፈጠር፣ ለዓመታት ቀስ እያለ አጥንቱን እየገፋ የሚያድግ። ጥርሶቼን ከቦታቸው ያፈናቀላቸው እሱ ነው። ክር አልነበረም። መጥፎ ዕጢ አይመስለኝም፣ ናሙናው ሳይመረመር ግን አልምልም አለች።

ያን ጊዜ ማልቀስ ይገባኝ ነበር። ያለቀስኩት ግን በሌላ ነገር ነው። ዶክተሯ ከፊልሙ ሳትዞር «እማማ፣ ሕፃን ሳሉ ግግ ወጥቶልዎታል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ግግን የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ፣ ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ፣ ነጣ ብሎ ያበጠ ነገር ይታያል። ትል ነው፣ ካልወጣ ልጁን ይገድለዋል ይባላል። ስለዚህ በስለት ይቆፈራል። ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ ተቆፍሮ የሚወጣው ትል ሳይሆን ገና ያልጠነከረች የወተት ጥርስ ናት። ከእሷ ሥር ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ የምትበቅለው የቋሚዋ ጥርስ እንቡጥ ተቀምጧል። ስለቱ እሱን ከነካው ወይ ይሞታል፣ ወይ ተጣሞ ይወጣል፣ ወይ መንገዱን ስቶ እንደ እኔዋ አጥንት ውስጥ ይጋደማል። የእርስዎ በእርግጠኝነት ከዚያ የመጣ ነው ማለት አልችልም፣ ሁለቱም ክራንቻዎች እንዲህ መሆናቸው ግን ያስጠረጥራል አለችኝ።

ሰብለ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዶክተሯ እየተናገረች የሰብለን አፍ አይታው ኖሯል፤ የሰብለም የግራ ክራንቻ ከድዷ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። አንቺም ክፈቺልኝ አለቻት። አየቻትና የእሷንስ ማን እንዳስወጣው ጠየቀች። ሰብለ አላውቅም ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ አሰለፈች ናቸው» አልኩ። ሰብለ ሳትጠይቀኝ ነው የመለስኩት።

በዚያው እሑድ ሰብለ ፊልሙን ያዘችና እትዬ አሰለፈች ቤት እንሂድ አለች። እኔ ለመሄድ አልፈለግሁም፤ ደግሞም ፈልጌ ነበር። ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ የእኔንም ግግ ያስወጡት እሳቸው ይመስሉኝ ነበር፤ ዕድሜዬን በሙሉ የሳቁብኝን አፍ እሳቸው እንዳበላሹት ፊታቸው ላይ መናገር እፈልግ ነበር። የምፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ተሳስቼ ነበር የሚል ቃል ከአፋቸው እንዲወጣ ነው። ፊልሙን መስኮቱ ላይ አስደግፌ አሳየኋቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፣ ዓይናቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ለእኔ ነው የምታሳዪው?» አሉ። «ያስወጣችልሽ እናትሽ ናት። ከአንቺ በፊት ሁለት ቀብራለች፤ ምን ታድርግ? እቅፏ ላይ አድርጋ የያዘችሽ እሷ ናት። እኔ ጩኸት ስለማልችል ደጅ ቆሜ ነበር።» ምርኩዛቸውን አስተካከሉና ወደ ሰብለ ዞሩ። «የአንቺም ጊዜ ደጅ ነበርኩ።»

ሰብለ አየችኝ። እኔ ፊልሙን መጠቅለል ጀመርኩ።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

ፊልሙን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩት።

«ማድረግሽን እኮ ይገባኛል» አለች። «ያኔ ማንም ያደርገው ነበር። ዶክተሯ ፊት ለምን ዋሸሽኝ?»

እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። እዚህ ልመልስ። ሰብለ አምስት ወሯ ነበር። ሦስት ቀን አስቀመጣት፣ ሽሮፕ ሰጥተውኝ አልቆመም። የግቢው ሴቶች ድዷን አይተው ግግ ነው አሉ። እኔም ወጥቶልኝ እንደዳንኩ ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። የሚያወጣው ሰውዬ የመጣው የተሳለ የብስክሌት ሽቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው። የያዝኳት እኔ ነኝ። ሲጨርስ መዳፉ ላይ ደም ውስጥ ያለ ነጭ ነገር አሳየኝ፤ ትሉ ይኸው አለ። አመሰገንኩት። ተቅማጡም በሦስተኛው ቀን ቆመ፤ ዶክተሯ በራሱ ይቆም ነበር ትላለች። ያደረግሁት ለሕይወቷ ፈርቼ ነው። የዋሸሁት ግን ስለ ሕይወቷ አልነበረም። በደሉን ሁሉ አክስቴ ላይ መጫን ለምጄ ስለነበር ነው።

እናቴንም በዚያ ቀን እንደገና አጣኋት። በልቤ ስስመው የኖርኩትን እጅ እንደ ድሮው ማሰብ አቃተኝ። በእሷ ግን አልፈርድም፤ በምን አፌ? እትዬ አሰለፈችን ግን አለቀቅኳቸውም። ግጉን አላስወጡም፣ እሺ። የተበላሸው አፌ ላይ አርባ ዓመት የሳቁት ግን እሳቸው ናቸው፤ ከምን እንደመጣም ያውቁ ነበር። ደጅ የቆመ ሰው ይሰማል።

ቀዶ ሕክምናው ከአንድ ወር በኋላ ተደረገልኝ። ሙሉ ማደንዘዣ አልሰጡኝም፤ አፌን ብቻ አደነዘዙት። ላንቃዬን ከፍተው ጥርሷን በአንዴ ማውጣት ስለማይቻል ቆራርጠው አወጧት። አያምም፣ ግን ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከረጢቱን ሙልጭ አድርገው አወጡት፤ ናሙናው ተመርምሮ ክፉ ነገር የለበትም ተባለ። የላሉትን የፊት ጥርሶቼን ከጤነኞቹ ጋር በቀጭን ሽቦ አሰሩልኝ። በዚህ ዕድሜ ወደ ቦታቸው እንደማይመለሱ ዶክተሯ ነግራኛለች፤ ባሉበት እንዲረጉ ነው። ያ ጎልማሳ በከንቱ የነቀላት ጥርስ ቦታ ላይ የሚወልቅና የሚገባ ጥርስ ተሠራልኝ። ጤነኛዋን ጥርሴን አምኜ ሰጥቼው ነበር። እናንተ ራጅ ሳያዩ እንነቅላለን ለሚሏችሁ እንቢ በሉ። አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት ክራንቻው ያልበቀለ ልጅ ካላችሁም ራጅ አስነሱለት፤ በጊዜ ከተገኘች ጎትተው ወደ ቦታዋ ያመጧታል።

ሁለት ሳምንት በአጥሚትና በሾርባ ኖርኩ። ሰብለ አንዱንም አላጎደለችብኝም። አጥሚቱን አቀዝቅዛ ታመጣለች፣ አፌን የምጉመጠመጥበትን የጨው ውኃ ታሞቃለች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጠኛለች። ኤልዳናን ግን አልጋዬ ላይ አስቀምጣት አታውቅም። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ አራት ኪሎ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ አለ ብላ ይዛት ትሄድ ጀመር። እኔ የሰጠሁትን ቃል አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁትም። ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ሽፈራው ግንቡ ታደሰ ወይ አለኝ። አልሳቅኩለትም።

ሰብለም በሠላሳ አንድ ዓመቷ ክራንቻዋን ለማውረድ ሽቦ አሳሰረች። ወጪው ከባድ ነው፤ ልርዳሽ ስላት ራሴ እችላለሁ አለችኝ።

ኤልዳና ስድስተኛ ወሯን እንደያዘች ተቅማጥ ጀመራት። ማቆያው የታመመ ሕፃን አይቀበልም። ሰብለ የዚያን ቀን መቅረት የማትችልበት ሥራ ነበራት፤ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ብዙ ቆመች። በመጨረሻ ልጅቷን ሰጠችኝ። ደውዪልኝ ብቻ አለች።

እንዳልዋሽ ልጻፈው። ሰብለ እንደወጣች የልጅቷን ከንፈር ገለጥ አድርጌ ድዷን አየሁት። ነጣ ብሎ አብጧል። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ያ ሁሉ ራጅና ቢላዋ ካለፈ በኋላ፣ የተጋደመችው ጥርስ ተቆራርጣ ከአፌ ከወጣች በኋላ፣ እንደገና ትል መሰለኝ። እትዬ አሰለፈችም ልጅቷ መታመሟን ሰምተው ከረፋዱ ላይ መጡ። አጎንብሰው አይተው ግግ ነው አሉ፤ የሚያወጣ ሰው ዛሬም አለ፣ ላስጠራልሽ አሉኝ።

«እንደ ልማድዎ ደጅ ይቁሙ» አልኳቸው።

ተቆጥተው ሄዱ። እኔ ልጅቷን አዝዬ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። ነርሷ ድዷን አይታ ጥርስ ልታበቅል ነው አለች፤ ተቅማጡን ያመጣው ግን ሌላ ነው። በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄትና የዚንክ ክኒን ሰጠችኝ፤ ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም መጥባት እንቢ ካለች በማንኛውም ሰዓት ይምጡ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ በማንኪያ በማንኪያ ሳጠጣት ዋልኩ። ለሰብለ ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ተኛች።

ሰብለ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ገባች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ነርሷ ያለችውን፣ ስንት ማንኪያ እንዳጠጣኋት፣ እትዬ መጥተው ያሉትን። ድዷን ማየቴንና መፍራቴንም ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። እጇን በሳሙና ታጠበች። ልጅቷን ከእቅፌ ተቀብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጣቷን አፏ ውስጥ አስገብታ የላይኛውን ድድ ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሰች፤ ከዚያ የታችኛውን።

ተቆፍሮ እንደሆነ እያየች ነው። ቀኑን ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ልወጣ ተነሳሁ። እየመሸ ስለነበር ክፍሉ ጨለም ብሏል፤ ሰብለ የልጅቷን አፍ ወደ መስኮቱ ለማዞር ትታገላለች። በሩ ጋ ስደርስ መብራቱን አበራሁላት።